ወደ ሊበን፦ ክራንች ለያዘች እናት ማዘያ ስንመርጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ትንፋሹን ይሰበስባል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሰፊ ሜዳ ነው። በጥቅምት ደግሞ ሜዳው ጌጡን ያጠልቃል፤ ጤፉ ይዘናፈላል፣ ኑጉ ቢጫ አበባውን ይዘረጋል፣ ከባሕር ዛፉ መሃል የሣርና የቆርቆሮ ቤቶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ደብረ ማርቆስን፣ አማኑኤልን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ መንገዱ ፍኖተ ሰላም ያደርሳል። ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ ለምሳ ስንወርድ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ የሚያልፉትን እናቶች ተመለከትኩ። አንዷ ሕፃን አዝላ ሁለት ዶሮ አንጠልጥላለች። ሌላዋ ልጇን በነጠላ አዝላ በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው እጇ ታላቅየውን ልጅ ይዛለች። አንዲት ወጣት ደግሞ በቆዳ አንቀልባ ያዘለችውን ልጅ እሹሩሩ እያለች ከባለ ሱቁ ጋር በዋጋ ትከራከራለች። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ግን አንድም ሰው አላየሁም። እዚህ አገር ልጅ የሚሄደው በጀርባ ነው። ጀርባ ከተሸከመ እጅ ነፃ ይሆናል። ይህን ነገር አእምሮዬ ውስጥ ያዝኩት፤ ምክንያቱም የሄድኩበት ጉዳይ ይኸው የእጅና የጀርባ ጉዳይ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም። ቡሬ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ነቀምት ዓባይን ዳግም ለመሻገር ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። እኛ የባሕር ዳሩን ያዝን። ጥሊሊን አልፈን ኮሶበር ስንደርስ ቅዝቃዜው ነጠላ አስደረበን፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል፣ ቀርከሃ ተቆልሏል። ከዳንግላ ቀጥሎ ዱርቤቴ ነው። ከዱርቤቴ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ወደ ቁንዝላ አቅጣጫ ታጠፍን። ሊበን የሰሜን አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። በቆሎና ዳጉሳ፣ ጤፍና ኑግ የሚመረትባት፣ በገበያ ቀን የምትሞላ፣ በሌላው ቀን ረጋ ያለች ከተማ።

እዚያ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ሴት ልጅ ወልዳለች። የወንድሜ ልጅ በሕፃንነቷ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ ግራ እግሯን አሰንፎታል። ከቤት ስትወጣ ሁለት ክራንች ትይዛለች፤ ቤት ውስጥ አንዱን ክራንችና ግድግዳውን ይዛ ትንቀሳቀሳለች። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በደህናው እግሯ ብቻ እየረገጠች የሰፈሩን ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት። ባለቤቷ መምህር ነው። እኔ ስደርስ ሕፃኗ ሰባት ሳምንቷ ነበር፤ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀን እየቀረበ ነው።

በቤተሰቡ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀድሞ ተወስኗል። የልጅቱ አያት፣ የወንድሜ ሚስት፣ ከቁንዝላ ወዲህ ባለ ቀበሌ ትኖራለች። ልጅቱ ስድስት ወር ሲሞላትና ምግብ ስትጀምር ወስዳ ልታሳድጋት ቆርጣለች። ክፋት አይደለም። «ልጄ ራሷን ይዛ ስትሄድ እያየሁ ልቤ ይሰነጠቃል፤ ደግሞ ሕፃን አሸክሜ ልያት?» ነው ያለችኝ። ባልየው ዝም ብሏል። የወንድሜ ልጅም ዝም ብላለች። ማታ ብቻችንን ስንሆን ግን፣ «እትዬ፣ ልጄን አንስቼ ከዚህ እዚያ ማድረስ ብችል ማንም አይወስድብኝም ነበር» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሕፃን ዕቃ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ለብዙዎቻችን ማዘያ፣ አልጋና ሳፋ የምርጫና የገንዘብ ጉዳይ ነው። አካል ጉዳት ላለባት እናት ወይም ላለበት አባት ግን ልጅ በማን ቤት እንደሚያድግ የሚወስን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ጋሪው ለምን ቀረ?

ከመነሳቴ በፊት መርካቶ የሕፃናት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ መጀመሪያ የዘረጋልኝ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ነው። ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ጋሪ በሁለት እጅ ይገፋል፤ ሁለት ክራንች የያዘ ሰው በየትኛው እጁ ይገፋዋል? የሊበን መንገድ ደግሞ በበጋ ድንጋይና አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ቀጥሎ ያሳየኝ በሆድ በኩል የሚታሰር፣ ዘለበቱ ግን ከጀርባ፣ በትከሻና ትከሻ መሃል የሚገጠም ማዘያ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት እጅና በደንብ የሚታጠፍ ክንድ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ትቼ አንድ ሜትር መለኪያ፣ ጥቂት ሜትር ጠንካራ ሸራ፣ ሰፋፊ ማንገቻና አዳዲስ የፕላስቲክ ዘለበቶች ገዝቼ ሄድኩ። የምትሰፋው ባለሙያ ራሷ እናቲቱ ናትና።

ዕቃ ለመምረጥ መጀመሪያ ሥራውን መከፋፈል ያስፈልጋል። «ልጅ መያዝ» የምንለው አንድ ሥራ አይደለም። ልጁን ማንሳት አለ፣ ይዞ መሄድ አለ፣ ማውረድ አለ፣ ማጠብ፣ ማስተኛትና መጠበቅ አለ። አንዱን የማይችል ሰው ሌላውን በደንብ ሊችል ይችላል። የወንድሜ ልጅ ተቀምጣ ስታጠባ፣ ስታጥብና ስታለብስ ከማንም አታንስም። የሚያስቸግራት ቆማ መሄዱ ላይ ነው። ስለዚህ «ልጅ መያዝ አትችልም» የሚለው ቃል ከስድስቱ ሥራ አንዱን አይቶ ስድስቱንም የሚከለክል ቃል ነበር።

አንቀልባና ክራንች

አንቀልባ የለፋ ቆዳ ነው፤ አንዳንዱ በዛጎል ያጌጣል። ማሰሪያው በትከሻ ላይ ያልፍና በብብት ሥር ወጥቶ ደረት ላይ ይቋጠራል። ክራንች ለያዘ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሁለቱም እጆች ነፃ ናቸው። የውጭ አገር ዕቃ አምራቾች «ከእጅ ነፃ» እያሉ የሚያስተዋውቁትን እናቶቻችን ከጥንት ይዘውት ኖረዋል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ልጁን ጀርባ ላይ ማውጣቱ ነው። ደህና እናት ጎንበስ ብላ ልጁን በአንድ እጇ ደግፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ይህ ሁለት ጠንካራ እግር ይፈልጋል። ሁለተኛው ብብት ነው። ከብብት ሥር የሚገባው ክራንች የሚደገፈው የማዘያው ማሰሪያ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ማሰሪያው ይታሻል፣ ይላላል፣ ቆዳም ይልጣል።

የመጀመሪያውን ችግር የፈታልን የጎጃም ቤት ራሱ ነው፤ መደቡ። ከጭቃ የተሠራው መደብ ቁመቱ ከጉልበት ጋር እኩል ነው። እናቲቱ ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች፤ ማዘያው ከኋላዋ መደቡ ላይ ይዘረጋል፤ ልጁ ማዘያው ላይ ይተኛል፤ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ ማንገቻዎቹን ወደ ፊት ታመጣና ታስራለች፤ ክራንቿን ይዛ ትነሳለች። ስትመለስም መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ኋላ ትፈታለች። ጎንበስ ማለት የለም፣ ወርወር ማድረግ የለም።

ሕፃኗን ከመሞከራችን በፊት በበቆሎ ሞከርን። ጤና ጣቢያ ስትመዘን አራት ኪሎ ተኩል ነበረች፤ ከእህል ነጋዴ ያንኑ ያህል በቆሎ አስመዝነን በትንሽ ከረጢት ቋጠርን። የወንድሜ ልጅ አዝላ ግቢውን ዞረች። በመጀመሪያው ዙር ከረጢቱ ወደ ግራ፣ ወደ ሰነፈው እግር በኩል ተንሸራተተ። በክራንች የሚሄድ ሰው በየእርምጃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወዛወዝ በትከሻ ብቻ የታሰረ ሸክም አብሮ ይወዛወዛል። ካያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ዕቃውን ሳይሆን አያያዙን መቀየር ነበረብን።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊነቷ አገዛት። ከሸራው ሰፊ ማንገቻ ሰፋች፤ በብብት ሥር እንዳያልፍ ደረቷ ላይ አቆራረጠችው። ከታች ደግሞ በዳሌ ላይ የሚታሰር፣ እንደ መቀነት ሰፋ ያለ ማሰሪያ ጨመረች። ሸክሙ ከትከሻ ወደ ዳሌ ሲወርድ መወዛወዙ ቀነሰ። ዘለበቱን ከፊት፣ ከእምብርቷ በላይ አደረገችው፤ በአንድ እጅ ይገጠማል፣ በአንድ እጅ ይፈታል። ዘለበት ብቻውን ስለማይታመን ከላዩ ቋጠሮ ታስርበታለች። በአራተኛው ዙር ከረጢቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ኪሎ እያልን ጨመርን። ጤነኛ ሕፃን በአምስት ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ፣ በዓመቱ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ዛሬ የሚሆን ማዘያ ለመጪው ዓመት መሆኑን አስቀድሞ በእህል መለካት ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሕፃን አንገቱ እስኪጸና፣ ማለትም እስከ ሦስትና አራት ወር ገደማ፣ በጀርባ ሲታዘል ፊቱ አይታይም፤ አገጩ ደረቱ ላይ ተጣጥፎ ትንፋሹን ሊያጥረው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ከፊት፣ ጎንበስ ብለው ሊስሙት በሚችሉበት ከፍታ፣ ፊቱ ሳይሸፈንና አገጩ ከደረቱ ተላቆ ቢያዝ ይመረጣል። እግሮቹም ተዘርግተው ቀጥ ከሚሉ ይልቅ እንደ እንቁራሪት ከፈት ብለው፣ ጭኑ ተደግፎ ቢታሰሩ ለዳሌው ይበጃል። በክራንች ለሚሄድ ግን የፊት ሸክም እግሩን የሚያስቀምጥበትን መሬት ይጋርድበታል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ያደረግነው ውሳኔ ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ትይዛለች፤ ለረጅም መንገድ ባልየው ይሸከማል።

የክራንቹም ጎማ የሕፃን ዕቃ ነው ብል አትሳቁ። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ በእርጥብ መሬት ላይ ይንሸራተታል፤ የሚወድቀው ያኔ አንድ ሰው አይደለም፣ ሁለት ናቸው። የወንድሜ ልጅ ጎማዎቿ አልቀው እንጨቱ ሊነካ ደርሶ ነበር። ክራንች በልክ ለማስተካከል፣ ከብብት ይልቅ በክንድ የሚደገፈውን ዓይነት ለመሞከርም ቅርቡ ቦታ ባሕር ዳር የሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ነው። በክንድ የሚደገፈው ክራንች ብብትን ነፃ ስለሚያደርግ ለሚያዝል ሰው ይበልጥ ይመቻል። ልጅ የሚጠብቁ አካል ጉዳተኛ ወላጆች ከወሊድ በፊት የራሳቸውን መደገፊያ ቢያስፈትሹ ከማንኛውም የሕፃን ዕቃ ግዢ ይቀድማል።

አልጋው እንደ በር ይከፈት

የሕፃን አልጋ ብዙውን ጊዜ ጥልቅ ሳጥን ነው። እናቲቱ በአጥሩ ላይ አጎንብሳ ልጁን ከታች ታነሳለች። በተሽከርካሪ ወንበር ያለች እናት አጥሩ ጋ እንኳ አትደርስም፤ በክራንች ያለችዋም ጎንበስ ስትል የምትደገፍበት ታጣለች። መፍትሔው አልጋውን ከወላጁ መቀመጫ እኩል ማድረግና አንዱን ጎን ወደ ውጭ እንደ በር እንዲከፈት ማድረግ ነው። በሊበን አንድ አናጺ ጠርተን መደቡን በሜትር ለካን። የአልጋው ወለል ከመደቡ ጋር እኩል ሆነ፤ በጎን በኩል ያለው በር በአንድ እጅ የሚነሳ መቀርቀሪያ ተደረገለት፤ መቀርቀሪያው ከውጭ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። በእንጨቶቹ መሃል ያለው ክፍተት የሕፃን ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አደረግን።

ጎኑ ወደ ታች ተንሸራቶ የሚወርድ የሕፃን አልጋ በሳልቫጅ ገበያ ብታገኙ ግን ተጠንቀቁ። ለአካል ጉዳተኛ ወላጅ የተመቸ ይመስላል። አሜሪካ ይህን ዓይነት አልጋ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳይመረትና እንዳይሸጥ አግዳለች፤ የሚወርደው ጎን ከመያዣው እየተላቀቀ ሕፃናት መሃሉ ላይ እየተቀረቀሩ ከ30 በላይ ሞት ስለተመዘገበ ነው። እንደ በር ወደ ጎን የሚከፈተው ይህ ጣጣ የለበትም።

ፍራሹ ጠንከርና ለጥ ያለ ይሁን፤ ትራስና ወፍራም ጋቢ አይግባበት፤ ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ። አልጋው ከምድጃውና ከጭሱ ይራቅ።

ስለ መታጠቢያ አጭር ምክር አለኝ። ውሃ የተሞላ ሳፋ ማንሳት ለማንም ከባድ ነው፤ ለክራንች ባለቤት ደግሞ አይሞከርም። ሳፋው መደቡ ላይ ይቀመጥ፤ ውሃው በጆግ እየተቀዳ ይግባ፣ በጆግ እየተቀዳ ይውጣ። ፍል ውሃው ከሳፋው ርቆ ይቀመጥ፣ ቀዝቃዛው መጀመሪያ ይግባ፣ ሙቀቱ በክርን ይለካ። ሕፃኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ። ፎጣው አስቀድሞ እናትየው ጭን ላይ ይዘርጋ፤ ልጁ ከውሃ ሲወጣ በቀጥታ እዚያ ያርፋል።

ሌላ አገር ምን ይሠራሉ?

ይህ የሊበን ብቻ ጭንቀት አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ «ስሩ ዘ ሉኪንግ ግላስ» የተባለ ድርጅት አካል ጉዳተኛ ወላጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ሲያግዝና ለእነሱ የሚመች የሕፃን ዕቃ ሲያጠና ኖሯል። ባለሙያዎቹ ካስተዋሉት ነገር አንዱ ልቤን ነክቶታል፤ ሕፃናቱ ራሳቸው ከወላጃቸው አቅም ጋር ይስማማሉ። እናት ስታነሳቸው ጸጥ ማለትን፣ መያዝን፣ መተባበርን ይለምዳሉ። በእንግሊዝ ደግሞ «ሪማፕ» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ መሐንዲሶችና ባለ እጅ ሙያተኞች በፈቃደኝነት ገበያ ላይ የማይገኝ ዕቃ ለአንድ ሰው ብቻ ለክተው ይሠራሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚገኘው የቡሊስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለአንዲት መምህራቸው ባለቤት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም አዲስ አባት፣ የሕፃን መቀመጫን ከወንበሩ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ ሠርተዋል።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ከሱቅ መደርደሪያ አልጀመሩም። ከአንድ ሰው እጅ፣ ከአንድ ሰው ጉልበት ጀመሩ። ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። አናጺያችን በር ሲሠራ ቤቱን ለክቶ ነው፤ ልብስ ሰፊያችን ቀሚስ ስትሰፋ ሰውየዋን ለክታ ነው። ልክ መውሰድ የምናውቀው ሙያ ነው፤ ለሕፃን ዕቃም ማዋል ብቻ ይቀረናል።

ሕጉም ከወላጆቹ ጎን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 23 አካል ጉዳተኛ ወላጆች ልጅ በማሳደግ ኃላፊነታቸው ተገቢው ድጋፍ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ በልጁም ሆነ በወላጆቹ አካል ጉዳት ምክንያት ልጅ ከወላጁ እንዳይለይም ይደነግጋል። ሕጉ የሚናገረው ለመንግሥት ነው፤ መንፈሱ ግን ወደ ሳሎናችንም ይገባል።

የልጅነት ልምሻን በተመለከተ፣ የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ታውጇል። ታላቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በልጅነታቸው የተያዙት ዛሬ እናትና አባት የሚሆኑበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ክትባቱ ለልጆቻቸው ደርሷል፤ ማዘያው ለእነሱ ገና አልደረሰም።

ለአያቶች

አሁን ወደ ወንድሜ ሚስት ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የወንድሜ ልጅ ምንም አልተናገረችም። ሕፃኗን በፊቷ በኩል አስራ፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ፣ ክራንቿን ይዛ ተነሳች። ከመደቡ እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉ እስከ ግቢው በር ሄደች፤ ተመልሳ ተቀመጠችና ፈታቻት። ሕፃኗ እንቅልፍ ላይ ነበረች። አያትየው ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ፣ «ክረምቱስ? ጭቃው ላይስ?» አለች።

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ሁሉ ያኔ አልነበረንም፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የለንም። ስንነጋገር ግን የጥያቄው መልክ ተለወጠ። «ልጅቱን ማን ይውሰዳት?» የሚለው ቀርቶ «በክረምት ማን ምን ያግዝ?» ሆነ። ውሃ ማን ይቅዳ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ለክትባት ማን ይሸከማት፣ ዝናብ ባጨቀየው ግቢ ላይ ጠጠር ማን ያፍስስ። አያትየው ልጅቱን ይዛ ከመሄድ ይልቅ ሐምሌና ነሐሴን ራሷ ሊበን መጥታ ብትከርምስ የሚል ሐሳብ የመጣው ከባልየው ነው፤ እስከዚያ ቀን ዝም ያለው ሰው። እሷም፣ «ስድስት ወሯ ይድረስና እናያለን» አለች። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም።

በሰማንያው ቀን ከባጃጅ ላይ ወርዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር እስከ ውስጥ ሕፃኗን የያዘቻት እናቷ እንደሆነች በስልክ ነግረውኛል። የክርስትና እናቷ ከጎኗ ሄዳለች፤ የተቀበለቻትም እዚያው ደርሰው ነው።

አሁን ሕፃኗ መዳህ የምትጀምርበት ጊዜ እየቀረበ ነው፤ ይህ ከመሸከም የከበደ ሥራ ነው። የሚድህን ልጅ ሮጦ መያዝ የማይችል ወላጅ ቤቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። አናጺው ከኮሶበር በኩል በሚመጣ ቀርከሃ በምድጃውና በመኝታው መሃል አጥር ሊሠራ ተስማምቷል። እሳቱ ገላጣ ጉልቻ ላይ መሆኑ ቀርቶ ዙሪያው በተዘጋ ምርት ምድጃ ይሆናል። በሩ ደፍ ላይ ዝቅ ያለ መዝጊያ ይገጠማል። እናትየው ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ ልጅቷ በዓይኗ ሥር፣ እጇ በሚደርስበት አጥር ውስጥ ትሆናለች።

አያቶች፣ በቤታችሁ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወልዶ ከሆነ፣ የልጅ ልጃችሁን ለመውሰድ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሜትር መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ተቀመጡና የሚችለውን ቁጠሩ፤ የሚቸግረውን ለይታችሁ ለዚያ ለአንዱ ብቻ መላ ፈልጉ። ወላጆች፣ ዕቃ ስትገዙ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ እጅ ይከፈታል ወይ? ተቀምጬ እደርስበታለሁ ወይ? ብወዛወዝ ከቦታው ይነቃነቃል ወይ? ከሦስቱ አንዱን የማያሟላ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ይቆይ። ሙከራው ደግሞ ሁልጊዜ በበቆሎ ይጀምር፤ በቆሎ ቢወድቅ ይለቀማል።